ከወንዙ ማዶ የሚዋኘው ሥዕል

ሳዋኮ ፉጂ ጣቢያ ላይ ከባቡር ስትወርድ ወንድሟ ኖሪማሳ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘችው። በአበባ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ የታመመ ሕፃን ሐኪም ቤት ይዞ እንደመጣ አባት አንገቱን ደፍቷል። ጥቅሉ ውስጥ ያለው የእናታቸው የድሮ ኮምፒውተር ነው።

"አሁንም?" አለችው፤ ሰላምታ የለ፣ እንዴት አደርክ የለ።

"አሁንም፣ እትዬ።"

"እኔ ጋ ደህና ነበር።"

"አንቺ ጋ ሁሌም ደህና ነው። እኛ ጋ ሲደርስ ነው የሚታመመው።"

"እኮ! እኔስ ምን አልኩ?" ጥቅሉን ከጭኑ ላይ መንጭቃ ወሰደችው። "እናንተ ጋ ሲደርስ ምን ይነካዋል?"

ኖሪማሳ ታላቅ እህቱ በዚህ ድምፅ ስትጠይቅ መልስ ፈልጋ እንዳልሆነ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል። ከኪሱ መንደሪን አውጥቶ ሰጣት። ተቀበለችው እንጂ አልላጠችውም። በጣቢያው መስኮት ብርሃን አገላብጣ አየችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ከእነሱ ቤት የመጣ ነገር ሁሉ መጀመሪያ ይመረመራል።

እንግዲህ ሳዋኮ ማለት ይህች ናት። ዕድሜዋን በቴሌቪዥን ፋብሪካ፣ በጥቁር መጋረጃ በተከለለች ጠባብ ክፍል ተቀምጣ፣ በፊቷ የሚያልፉትን ስክሪኖች እያየች ነው የጨረሰችው። የጎበጠ መስመር፣ የደፈረሰ ቀይ፣ ጥግ ላይ የተኮማተረ ምስል ካየች ቁልፉን ትጫናለች፤ ቴሌቪዥኑም ከሰልፉ ይወጣል። ሌላው ሰው ደሞዝ የሚከፈለው ለመሥራት ነው፤ እሷ የሚከፈላት ለመጠርጠር ነበር። ታዲያ ማታ ስትወጣ ጥርጣሬዋን እንደ ሽርጥ አውልቃ እዚያው ብትሰቅለው ምን ነበረበት! ይዛው ቤቷ ትገባለች። ዓሣ ሻጩ ጨምሮ ከመረቀላት ዓሣው አድሯል ማለት ነው። ጎረቤቷ ፈገግ ካለችላት የሰማችው ነገር አለ። አንድ የፋብሪካው ሾፌር ላግባሽ ብሏት ነበር አሉ፤ ምን ፈልጎ ነው ብላ ስታጣራ፣ ስታጣራ፣ ሰውየው ሌላ አግብቶ ወለደ። ክፉ ሰው አይደለችም፣ ይሄን ልንገራችሁ። ደህና ነገር ሲገጥማት ግን ጀርባውን ሳታይ ማለፍ አይሆንላትም።

ጡረታ ከወጣች ወዲህ ሺሚዙ ከተማ፣ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣ የድሮ የቤት ኮምፒውተሮችን ትጠግናለች። እነዚያን ከቴሌቪዥን ጋር የሚቀጠሉትን፣ ሁለመናቸው ከቁልፎቹ ሥር የታጨቀውን፣ ያኔ የየቤቱ ልጅ ካልገዛችሁልኝ ብሎ መሬት የተንከባለለባቸውን። ያ ልጅ ዛሬ መላጣ ሆኖ፣ ኮምፒውተሩን ከቆጥ አውርዶ ሲሰካው ፊደሎቹ እሾህ አብቅለው፣ ሰማዩ አረንጓዴ ሆኖ ያገኘዋል። ከዚያ በፖስታ ለሳዋኮ ይልክላታል። እሷም ከፍታ ሩዝ በምትበላበት ቀጭን የመመገቢያ እንጨት ጫፍ እያንዳንዱን ክፍል መታ መታ ታደርጋለች፤ በፀጉር ማድረቂያ ታሞቀዋለች፤ መልሳ ታቀዘቅዘዋለች። ስክሪኑ ፊት እንደ ፋብሪካው ዘመን አገጯን በእጇ ደግፋ ትቀመጣለች። ጥፋተኛው ክፍል እስኪንቀጠቀጥ መጠበቅ ነው።

አግኝታ ስትጨርስ ደግሞ ቀይ የጥፍር ቀለም አላት። በነካችው ክፍል ሁሉ ላይ፣ በዘጋችው ብሎን ሁሉ ላይ አንዳንድ ጠብታ ታሳርፋለች። ብሎኑን የፈታ ሰው ቀለሙን ይሰብረዋል። ከእኔ በኋላ የነካው ይጋለጣል ማለቷ ነው።

ይህን ጠባይ ከአባቷ አልወረሰችውም። የካታሂራ ኤሌክትሪክ ቤት ባለቤት የነበሩት አባቷ ሰው አማኝ ነበሩ። የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ማጠቢያ ማሽንም ይሁን ሸክላ ማጫወቻ፣ ከመጠቅለላቸው በፊት ልጃቸውን የሚድሩ ይመስል "የት ልትኖር ነው?" ይላሉ። ገዢው ይስቃል፣ አገሩን ይናገራል፣ ከዚያ ዕቃው ይጠቀለላል። ሳዋኮና ኖሪማሳ ልጅ ሳሉ "የት ልትኖር ነው?" እየተባባሉ የሱቅ ጨዋታ ሲጫወቱ ይውሉ ነበር።

ኮምፒውተሩም ከዚያ ሱቅ ሳይሸጥ የቀረ ዕቃ ነው። እናታቸው ወይዘሮ ፉኪ አቧራ ሊጠርጉ ነካክተውት የአበባ ካርታ ጨዋታ አገኙበት። ከዚያ ወዲህ ከቁርስ በኋላ ካልተጫወቱ ቀኑ አይነጋላቸውም። ጥድ ከጥድ፣ ቼሪ ከቼሪ፣ ጨረቃ ከጨረቃ እያዛመዱ ማሽኑን ይገጥሙታል። ሲያሸንፉት ደደብ ይሉታል፤ ሲያሸንፋቸው አጭበርባሪ።

እናትና ልጅ ሺሚዙ ላይ አብረው ኖሩ። ባለፈው ጸደይ ግን የወይዘሮ ፉኪ ጉልበት ደረጃ አልወጣም አለ። ኖሪማሳ ከፉጂ ወንዝ ማዶ፣ ኑማዙ ከተማ፣ ደረጃ የሌለው ቤት አለውና ወሰዳቸው። ኮምፒውተሩም ከነቴሌቪዥኑ፣ የእናትየው አሮጌ ማይክሮዌቭም አብረው ተጫኑ።

ሳዋኮ ግን የወንድሟን ቤት ደጃፍ አትረግጥም፤ የሚገናኙት መሃል ላይ ባለው ፉጂ ጣቢያ ነው። አባቷ በሞቱ በአርባ ዘጠኝ ቀን መታሰቢያቸው የወንድሟ ሚስት ሚትሱዮ የአባትየውን የመሣሪያ ሳጥን ዝጓል ብላ ከቆሻሻ ጋር ስላወጣችው ጥርሷን ነክሳባት ቀርታለች። ይባስ ብሎ በዚያው ጸደይ፣ ወይዘሮ ፉኪ ኑማዙ በገቡ በሳምንታቸው፣ ሚትሱዮ ማይክሮዌቩንም ጣለችው።

"ደህና የሚሠራውን!" ብላ ጮኸች ሳዋኮ በስልክ፣ ያን ጊዜ። "እኔ ቤት ስንት ዓመት ሾርባ ሲያሞቅ የኖረውን! ይህች ሴት ጣይ ናት፣ ኖሪ። ዛሬ ማይክሮዌቭ፣ ነገ እማዬን!"

ይህን ባለች ማግስት ነው የኮምፒውተሩ በሽታ የተሰማው። ስክሪኑ ላይ ጥቁር መቀነት የመሰሉ ጥላዎች ከታች ወደ ላይ ይሮጣሉ፤ ካርታዎቹ ዳር ዳራቸው ይርገበገባል፤ ጨረቃዋ ውሃ ላይ እንደወደቀች ትወዛወዛለች። ወይዘሮ ፉኪ ጥቂት ካዩት ያዞራቸዋል፣ ያቅለሸልሻቸዋል፣ ያስመልሳቸዋል። ሳዋኮ አስመጥታ አየችው፤ ምንም የለውም። መልሳ ሰጠች፤ ታመመ። ይኸው አሁን እንደገና በአበባ ጨርቅ ተጠቅልሎ በእጇ ገባ።

በዚህኛው ዙር አላዘነችለትም። በመመገቢያ እንጨቱ ደበደበችው፤ አሞቀችው፤ አቀዘቀዘችው፤ ቀኑን ሙሉ ለኩሳ ሥራዋን ፈትታ ፊቱ ተቀመጠች። ጨረቃዋ ንቅንቅ አላለችም። ጥርት ያለ ሥዕል! ሳዋኮ ይህን ስታይ ደስ ይላት መሰላችሁ? ቆሽቷ አረረ። ማሽኑ ጤነኛ ከሆነ በዚያ ቤት ውስጥ ጤነኛ ያልሆነ ሰው አለ ማለት ነው።

ነገሩን ከነገሩ ገጣጠመችው። ሚትሱዮ አማቷን መጦር ሰልችቷታል። ውጡልኝ ብትል ሰው ይሰማል። ስለዚህ የሚወዱትን ጨዋታ ታበላሽባቸዋለች፤ አሮጊቷ ይታመማሉ፤ ሲታመሙ ደግሞ ምን ይደረግ፣ እኛ አልቻልንም ይባላል። ከኋላ ከፍታ አንዱን ነገር ላላ ታደርገዋለች። ሳዋኮ ጋ ሲመጣ መልሳ ታጠብቀዋለች። "እኔን ነው!" አለች ሳዋኮ ብቻዋን ጮክ ብላ። "እኔን ነው የምትጫወትብኝ!" ብሎኖቹን ሁሉ አጥብቃ ዘጋች፤ የእናቷ ዕቃ ነው ብላ እስካሁን ብሎኖቹን ቀብታ አታውቅም፤ አሁን በእያንዳንዱ ላይ ወፍራም ቀይ ጠብታ አሳረፈች። ለወንድሟ ስለቀለሙ ትንፍሽ ሳትል ኮምፒውተሩን ፉጂ ጣቢያ ላይ መልሳ አስረከበችው።

በሳምንቱ ስልኳ ጮኸ።

"እትዬ፣ ያው ነው። እንደውም ብሷል።"

"ብሎኖቹን ማን ነካ?"

"የምን ብሎን? እኛ ያንን ነገር ቀና ብለን ለማየት እንፈራለን።"

"ሚትሱዮስ?"

"ሚትሱዮ የእማዬን ትውከት ስትጠርግ ነው የምትውለው። ብሎን የምትፈታበት ጊዜ ከየት ታመጣለች? ቪዲዮ ልኬልሽ የለም እንዴ? ለምን አታይውም?"

"አየሁት! የድሮ ቴሌቪዥን በስልክ ሲቀረጽ ሁሌም ጥቁር መቀነት ይሮጥበታል። የኔው ጤነኛው ቴሌቪዥን ራሱ እንደዚያ ነው የሚያሳየው። እኔን በዚህ ልትሸውዱኝ?"

ይሄስ እንኳ እውነቷን ነው፤ እንደዚያ ዓይነት ስክሪን በስልክ ተቀርጾ ደህና ሆኖ አያውቅም። በእውነት የታመመውንም በውሸት የታመመውንም ስልክ አንድ ያደርጋቸዋል። ኖሪማሳ ይህን ከየት ይወቅ? ከመናደድ ብዛት ሳቀ።

"እሺ እኔን አትመኚ። እማዬን ላቅርብልሽ።"

የሚጎተት ነጠላ ጫማ ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ የእናቷ ትንፋሽ። "ሳዋ? ሥዕሉ ይዋኛል። ጨረቃዋ ትዋኝብኛለች።"

ሳዋኮ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እማዬ፣ ሚትሱዮ አጠገብሽ ናት?"

ወይዘሮ ፉኪ አልመለሱም። ስልኩ እጅ ቀይሮ ኖሪማሳ መጣ።

"እትዬ፣ ተቆጪኝ ግን ጨርሰሽ ስሚኝ" አለ። "ትናንት ከጨዋታው ስትነሳ አዙሯት ኮሪደሩ ላይ ወደቀች። ሐኪሙ ምንም አላገኘም፤ ከእርጅና ነው ይላል። ጨዋታውን ተይው ስንላት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች፣ እህል አትቀምስም። በስልክ ሌላ ካርታ ብከፍትላት 'ይሄን ሰው አላውቀውም' አለችኝ። ሚትሱዮ ብቻዋን ልታነሳት አትችልም። ኮረብታው ላይ ካለው የአረጋውያን ቤት ክፍል ተገኝቷል። ሰኞ እናስገባታለን።"

ሳዋኮ ክው አለች። ይኸውላችሁ፣ የጠረጠረችው ሁሉ ቃል በቃል ደረሰ! ስልኩን ዘግታ ወጥ ቤት ውስጥ ቆመች። እናቷን ከሰኞ በፊት ካላዳነቻቸው አበቃ። ለማዳን ደግሞ ሚትሱዮን እጅ ከፍንጅ መያዝ አለባት።

ቅዳሜ ኖሪማሳ የደረቀ ዓሣ የሚዘጋጅበት ቤት ሥራ ይገባል፤ ሚትሱዮ ብቻዋን ናት። ሳዋኮ ካቻቪቴዋን፣ አጉሊ መነጽሯን፣ መበየጃዋንና የጥፍር ቀለሟን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሳትደውል ባቡር ተሳፈረች። መንገዱን ሁሉ የምትናገረውን ስታጠና ነበር። ወንዙን ሲሻገሩ ቀና ብላም አላየችው።

ሚትሱዮ በሩን የከፈተችው እጇ ላይ የላስቲክ ጓንት እንዳለ ነው። ደንግጣ ወደ ኋላ አለች።

"እንዴ! እትዬ ሳዋኮ! ምነው ቢደውሉልን ኖሮ…"

"ደውዬ ብመጣማ ምን አያለሁ?" ጫማዋን አውልቃ ገባች።

ወይዘሮ ፉኪ ዝቅተኛው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። ከስተዋል። "ሳዋ ነሽ?" አሉ ሳይዞሩ። ሳዋኮ ትከሻቸውን ዳበስ አድርጋ አለፈች። ልቧ ኮምፒውተሩ ላይ ነው። ገልብጣ አጉሊ መነጽሩን ደቀነችበት።

ጠብታዎቹ ድፍን ናቸው። አንዱም አልተሰነጠቀም።

ተመሳሳይ ቀለም ገዝታ ደግማ ቀብታው ቢሆንስ? እንደገና አየች። ሳዋኮ ግራኝ ናት፤ የብሩሿ ጭራ ሁሌም ወደ አንድ ወገን ይተኛል። እዚህም ያው እንደተኛ ነው። የራሷ እጅ ነው፤ ማንም አልነካውም።

"ልክፈትልዎት?" አለች ሚትሱዮ ቀስ ብላ።

"ክፈቺው።"

ስክሪኑ በራ። ጥቁሮቹ መቀነቶች አንዱ አንዱን እያሳደደ ወደ ላይ ሮጡ፤ ጥዶቹ ተርገበገቡ፤ ጨረቃዋ ዋኘች። ሳዋኮ በዓይኗ በብረቷ አየችው። ወንድሟ አልዋሸም። ያጠናችው ንግግር ሁሉ ከአፏ ጠፋ።

ግን እጅ አልሰጠችም፤ ጥፋተኛ መኖር አለበት። ቴሌቪዥኑ ነው ብላ ከመኝታ ቤት ሌላ አስመጣች፤ ያው ነው። ፍሪጁን ነቀለች፤ ያው ነው። የማጠቢያ ማሽኑን፣ የመታጠቢያ ቤቱን መብራት፣ የኖሪማሳን የስልክ ቻርጀር ሳይቀር ነቀለች። ሚትሱዮ ከኋላዋ እየተከተለች የተነቀለውን ገመድ ሁሉ ሰብሰብ ታደርጋለች። ጎረቤት ነው ማለት ብቻ ነው የቀራት።

"ምሳ ሰዓት አለፈብዎት" አለች ሚትሱዮ በመጨረሻ። "የሚሶ ሾርባ ላሙቅልዎት፤ ግን በምድጃ ስለሆነ ይታገሱኝ። ማይክሮዌቩ ቢኖር ኖሮ… እሱን በመጣሌ እንደተቀየሙኝ አውቃለሁ፣ እትዬ። እመኑኝ፣ እዚህ ሲሰካ ያጉረመርማል እንጂ አያሞቅም። ጭራሽ ጋለና መሽተት ጀመረ። ኖሪ ጀርባውን አየና 'ይሄ የወንዙ ማዶ ነው፣ እዚህ መኖር አይችልም' አለኝ።"

ሳዋኮ የያዘችውን ገመድ ለቀቀችው።

የት ልትኖር ነው?

አባቷ ያን የሚጠይቁት ለቀልድ አልነበረማ! ከፉጂ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ኮረንቲው አንድ አይደለም። በሺሚዙ በኩል በሴኮንድ ስልሳ ጊዜ ይመላለሳል፤ በኑማዙ በኩል ሃምሳ። ያኔ ይህን የማያውቅ የሌላ አገር ሰው ብቻ ነበር። ድሮ ቤት የሚቀይር ሰው ሰዓቱን፣ ማጠቢያውን፣ ሸክላ ማጫወቻውን ሁሉ ለባለሙያ አሳይቶ ነበር የሚጭነው። የዛሬ ዕቃ በሁለቱም ስለሚሠራ ሰው ረስቶታል። ሰውስ ይርሳ፤ የካታሂራ ኤሌክትሪክ ቤት ልጅ ትርሳው?

"ግን እኮ ይሄ በሁለቱም ይሠራል!" አለች፤ ለማን እንደምትናገር እንጃ። የኮምፒውተሩ ጀርባ ላይ ተጽፏል፤ አባቷም ለዚህ ነበር የወደዱት። የራሷን ቀይ ጠብታዎች በካቻቪቴ ሰባብራ ከፈተችው።

መብራት በሚገባበት ጥግ አንዲት ቆርቆሮ የመሰለች ካፓሲተር ተተክላለች። የእሷ ሥራ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር እንደተቀመጠ ባልዲ ነው፤ ኮረንቲው መጥቶ እስኪመለስ ማሽኑን ከቋቷ ታጠጣዋለች። ፈረቃው ቶሎ ቶሎ ከመጣ ትንሽ ባልዲም ይበቃል። ከዘገየ ግን ትንሿ ባልዲ ትደርቃለች፤ ያኔ ሥዕሉ ይንቀጠቀጣል። ይህች ካፓሲተር ትንሽ ናት። ለዚህ ማሽን ከሚገባው ታንሳለች።

አናቷ ላይ ቀይ ጠብታ አለ። ጭራው እንደ ሌሎቹ ወደዚያው ወገን የተኛ።

ሳዋኮ ትዝ አላት። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በዝናቡ ወቅት፣ የጥንቷ ካፓሲተር አብጣ አወጣቻት። ልኳ መሳቢያው ውስጥ አልነበረም። አነስ ያለችውን ተከለች፣ ለኮሰች፣ ሥዕሉ ጠራ። እናቷ ከኋላዋ ሆነው ቶሎ በይ፣ ካርታዬ አለፈብኝ ይላሉ። ይበቃል ብላ ዘጋችው። ለሺሚዙ በቅቶ ነበር።

"ይሄን ማነው ያስገባው?" አለች ሚትሱዮ በትከሻዋ ላይ አጎንብሳ። ቀዩን ጠብታ አይታለች፤ የሳዋኮን እጅ ደግሞ ታውቃለች።

ሳዋኮ ካቻቪቴዋን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠች። "እኔ ነኝ።"

ሚትሱዮ ጓንቷን አወለቀች። ወለሉ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

"እኔ እኮ ተኝቼ አላውቅም" አለች። "እማማ ሌሊት በተነሱ ቁጥር እነሳለሁ። ኖሪ ከጣቢያ ሲመለስ ፊቱን አይቼ እርስዎ ምን እንዳሉት አውቃለሁ። ጣይ ናት፣ አይደል ያሉት? የአባታችንን ሳጥን ጥያለሁ። አልዋሽም፣ ዝጎ ነበር፣ ጣልኩት፤ ሳልጠይቅ መጣሌ ጥፋቴ ነው። ግን እናታችንን የምጥል ሰው ነኝ? እስቲ ዓይኔን እያዩ ይበሉኝ!"

ሳዋኮ ዓይኗን ማየት አልቻለችም። በሕይወቷ እንዲህ ያፈረችበት ቀን የለም፤ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። "ይቅር በይኝ" አለች ወለሉን እያየች። "በደልኩሽ። ሁሉም የኔ ነው።"

ምናልባት ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይተቃቀፉ ነበር። እነዚህ ሁለቱ ግን አልተቃቀፉም። ሳዋኮ አፍንጫዋን ጠርጋ፣ "ተለቅ ያለች ካፓሲተር እፈልጋለሁ። የማይጠቅም ዕቃ የለሽም? ሬዲዮ፣ ምናምን?" አለቻት።

"እኔ ጣይ ነኝ። ከየት አመጣለሁ?" አለች ሚትሱዮ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች። ከዚያ ትንሽ አሰበችና ተነሳች። "የኖሪ ስቴሪዮ አለ። ተማሪ ሳለ የገዛው፣ አንድ ጆሮው የማይሰማ። እጠግነዋለሁ እያለ አቧራውን ሲያስጠርገኝ የኖረ።"

ሁለቱም ተያዩ። ወዲያው ስቴሪዮው ምንጣፉ ላይ ተዘርግቶ ሆዱ ተከፈተ። ሳዋኮ የምትፈልጋትን መርጣ ልኳን አይታ ነቀለች፤ ሚትሱዮ ባትሪ አበራችላት። ካፓሲተሯ ወፍራም ስለሆነች በቦታዋ አልገባ አለች፤ በሽቦ አስረዝመው ከጎን አሰሯት። መብራት ሰጡት።

ጨረቃዋ ቆመች። መቀነቶቹ የሉም፤ ጥዶቹ ተገትረው ቀጥ ብለዋል።

"እማማ" አለች ሚትሱዮ። "ይዙሩ እስቲ።"

ወይዘሮ ፉኪ እየፈሩ ዞሩ። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩ፣ ሁለቱንም ከፈቱ። "ቁልፉን አቅርቡልኝ" አሉ።

ኖሪማሳ ሲገባ እናቱ "አጭበርባሪ! ሁለቱንም ጨረቃ ለራስህ!" እያሉ ሲጮኹ፣ እህቱ ስንት ዘመን የረገመችው ቤት ውስጥ ሾርባ ስትጠጣ፣ ስቴሪዮው ደግሞ አንጀቱ ወጥቶ ተጋድሞ አገኘ።

"ስቴሪዮዬን ምን አደረጋችሁት?"

"ተወው!" አሉት ሁለቱ ሴቶች ባንድ አፍ።

ሳዋኮ ሁሉንም ራሷ ነገረችው፤ ያሳነሰችውንም፣ የጠረጠረችውንም፣ ሳትደውል የመጣችበትንም። ሳያቋርጥ ሰማት። እናቱ ወደ ማታ ድረስ ሲጫወቱ ቁጭ ብሎ አያቸው። አንዴም አላዞራቸው፣ አንዴም አላቅለሸለሻቸው፤ ሩዙንም ዓሣውንም በሉ። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ወጥቶ ስልክ ደወለ። "ክፍሉን ለሌላ ሰው ስጡት" ሲል ተሰማ። ሚትሱዮ የሻይ ውሃ ጣደች።

ሳዋኮ ኮምፒውተሩን መዝጋት ያዘች። የመጨረሻውን ብሎን አጥብቃ የጥፍር ቀለሟን ስትከፍት እናቷ ጠሯት።

"ሳዋ። ያን ቀን በስልክ ሥዕሉ ይዋኛል ስልሽ፣ ሚትሱዮ አጠገብሽ ናት ወይ አልሺኝ።"

"አዎ፣ እማዬ።"

"አጠገቤ አልነበረችም። ያበላሸሁትን አንሶላ አጥባ ልታሰጣ ግቢ ወጥታ ነበር። ሥዕሉ ይዋኛል ያልኩሽ እኔው ራሴ ነኝ።" ወይዘሮ ፉኪ ካርታውን ትተው ልጃቸውን አዩ። "ያላመንሽው እሷን አይደለም። እኔን ነው።"

ሳዋኮ ሚትሱዮን ይቅርታ ስትጠይቅ ያልመጣ እንባ አሁን መጣ፤ ቀለሙን እንደያዘች አለቀሰች። እናቷ እስኪወጣላት ተዉአት። ሲበቃቸው ብልቃጡን ከእጇ ወሰዱ።

"አውራ ጣትሽን አምጪ።"

ብሩሹ ጥፍሩን ስቶ ቆዳውንም ነካ፤ ትልቅ፣ የተንሻፈፈ ቀይ ጠብታ ሆነ።

"ይሄ የኔ ነው" አሉ። "እኔ ዘግቼሻለሁ። ከእንግዲህ ብቻሽን ተቀምጠሽ ሰው ስትከሺ ብትውዪ፣ ይሄ ተሰብሮ አገኘዋለሁ።" ብልቃጡን ከድነው ወደ ካርታቸው ተመለሱ።

ማታ ሚትሱዮ ጣቢያ ድረስ ሸኘቻት፤ መንደሪን የሞላ ከረጢትም አስያዘቻት። ባቡሩ ወንዙን ሲሻገር ሳዋኮ በቀዩ አውራ ጣቷ አንዱን ላጠችና በላችው። አገላብጣ አላየችውም።